ያልሆነኝን ልብስ ምን ላድርገው? ገንዘብ፣ ቅያሪ፣ ክሬዲት ወይስ ልብስ ሰፊ

ሱሪው አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል። ፎቶው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ በአካል ሲታይ ወደ ግራጫ ያደላል። ወገቡ ልክ ነው። ጭኑ ላይ ግን ይይዛል፣ ቁጭ ስል ደግሞ አዝራሩ ሊበጠስ ይደርሳል። ካርቶኑ ተቀዶ ወለሉ ላይ ወድቋል። የመመለሻ ወረቀቱ የት እንደገባ እንጃ።

በኦንላይን ልብስ የሚገዛ ሰው ይህን ምሽት ያውቀዋል። የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ በነጋታው ጠቅልሎ ይልካል። ሌላው "ቅዳሜ እመልሰዋለሁ" ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፤ ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ ይደራረብና ቀኑ ያልፋል። እኔ ለዓመታት ከሁለተኞቹ ነበርኩ። ከፍዬባቸው አንድ ቀን እንኳ ያልለበስኳቸው ልብሶች የቁም ሳጥኔን ግማሽ ይዘው ነበር።

ችግሬ ስንፍና ብቻ አልነበረም። "ይመለስ" ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ገንዘብ ማስመለስ አለ፣ መቀየር አለ፣ ክሬዲት (በገንዘብ ፈንታ እዚያው ሱቅ ብቻ የምትገዙበት ሒሳብ) መውሰድ አለ፣ የተወሰነ ገንዘብ ተቀብሎ ልብሱን ማስቀረት አለ፣ ልብስ ሰፊ ጋ መውሰድም አለ። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው ደግሞ በመጀመሪያ የምትመልሱበት ምክንያት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ልብሱ ደህና ሆኖ ለእናንተ ካልሆነ አንድ ነገር ነው። ስፌቱ ተተርትሮ፣ ዚፑ ተሰብሮ፣ ያላዘዛችሁት ቀለም ወይም ሳይዝ ሆኖ ከመጣ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው የመመለሻውን ወጪ ብዙ ጊዜ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። በሁለተኛው ግን ሻጩ ነው መሸፈን ያለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በራሱ ላይ የሚፈርድባት ትንሽ ቦታ አለች። አፑ ላይ "ለምን ትመልሳለህ?" የሚል ዝርዝር ይወጣል። ሰው ቸኩሎ የመጀመሪያውን ይነካል፤ ብዙ ጊዜ እሱ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ወይም "አልወደድኩትም" ነው። ያቺ አንድ ንክኪ የፖስታውን ሒሳብ ወደ እናንተ ታዞራለች። ቀለሙ ከፎቶው ከተለየ "ከመግለጫው ይለያል" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፣ የምርቱን ገጽም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ገጹ ነገ ሊቀየር ይችላል። በተቃራኒው ልብሱ ደህና ሆኖ "ተበላሽቷል" ማለት ውሸት ከመሆኑም ሌላ መጋዘን ሲደርስ ይታያል።

ሕጉም እንደየአገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት ከሱቅ ውጭ የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" ማለት ይችላል። ሻጩ መጀመሪያ የተከፈለውን መደበኛ የማድረሻ ሒሳብ ጭምር ይመልሳል። ፈጣን ማድረሻ መርጣችሁ የጨመራችሁትን ግን አይመልስም። የመልስ ጉዞው ሒሳብ የእናንተ ነው፤ ሻጩ "በነጻ ነው" ካላለ ወይም አስቀድሞ ሳይነግራችሁ ካልቀረ በስተቀር። በብሪታንያም ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን ይሰጣል። በቻይና 7 ቀን ነው። በአሜሪካ ደግሞ በኦንላይን ለተገዛ ደህና ዕቃ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብሎ ገንዘብ ለማስመለስ የሚያስችል የፌዴራል ሕግ የለም። ብዙዎች የሚጠቅሱት የ3 ቀን ሕግ በር ለበር እየዞሩ ለሚሸጡ ሰዎች የወጣ ነው። እዚያ የምትመኩት ሱቁ ራሱ በጻፈው ደንብ ነው። በሌላ አገርም ብትሆኑ ከመክፈላችሁ በፊት ያንን ደንብ አንብቡት። ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ስንት ቀን፣ በማን ወጪ፣ በገንዘብ ነው ወይስ በክሬዲት።

ገንዘብ ማስመለስ

እኔን ብትጠይቁኝ ግራ ሲገባችሁ ይህን ምረጡ። ገንዘብ የትም ይሠራል። ግን "ሙሉ ገንዘብ" የሚለው ቃል አንዳንዴ ሙሉ አይደለም።

ሦስት ልብስ ገዝታችሁ ቅናሽ አግኝታችሁ ከነበረ፣ አንዱን ስትመልሱ ብዙ ሱቆች ሒሳቡን እንደገና ይሠሩታል። ቅናሹ የመጣው በሦስትነታቸው ነውና ሁለቱ በሙሉ ዋጋ ይታሰባሉ፤ የሚመለሰው ከጠበቃችሁት ያንሳል። የተጠቀማችሁበት ኩፖንም ብዙውን ጊዜ እንደተበላ ይቀራል። በስጦታ ካርድ የከፈላችሁት ወደ ስጦታ ካርድ ይመለሳል። በውጭ ምንዛሪ ከሆነ የከፈላችሁበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ምንዛሪ ስለሚለያይ ትንሽ ይጎድላል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ትንሽ ይተርፋል። ልብሱ ከሌላ አገር መጥቶ ቀረጥ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ያንን ሻጩ አይመልስላችሁም። ከጉምሩክ የማስመለሻ መንገድ ካለ ለብቻው ነው የሚጠየቀው፣ ለአንድ ሸሚዝ ያን ያህል መድከም እኔ አልሞክረውም።

በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል የመረጠ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። ልብሱን ስለላካችሁ ብቻ ክፍያው አይቆምም። ሱቁ ተቀብሎ እስኪመዘግብ ድረስ የሚቀጥለው ክፍያ ቀን ሊደርስ ይችላል። አበዳሪው አፕ ላይ "መልሻለሁ" የሚል ቦታ ካለ በዚያው ቀን ንኩት።

መቀየር

ለማያውቀው ሰው መቀየር ቀላሉ ነገር ይመስላል። ኤም ጠበበኝ፣ ኤል ላኩልኝ። ምን ችግር አለው?

አንድ ጊዜ ኮት አዝዤ ትከሻው ጠበበኝ። ዋጋው በቅናሽ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለውን እንዲቀይሩልኝ ጠየቅሁ። "እሺ" አሉ። እኔ የመሰለኝ በዚያው ቀን ትልቁን ለይተው ያስቀምጡልኛል ብዬ ነው። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። የኔ ኮት መጋዘናቸው እስኪደርስ፣ እስኪፈታ፣ እስኪታይ ድረስ ምንም የተያዘልኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት መልእክት መጣ፦ "ይቅርታ፣ የጠየቁት ሳይዝ አልቋል፤ ክሬዲት ሰጥተንዎታል።" ኮት የለኝም፣ ገንዘብ የለኝም፣ ብርዱ ግን ገብቷል።

ሁሉም ሱቅ እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ቅያሪ በተጠየቀበት ሰዓት አዲሱን ይልካል፤ አንዳንዱ መልእክተኛው አዲሱን ይዞ መጥቶ አሮጌውን በር ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ አዲሱ የሚላከው የኔ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መልሱ "በኋላ" ከሆነ፣ ለሁለት የሚሆን ገንዘብ ለጊዜው ካላችሁ፣ የሚሆናችሁን ሳይዝ ዛሬውኑ እንደ አዲስ እዘዙ። የመጀመሪያውን ለገንዘብ መልሱት። ፈጣኑ መንገድ ይኼ ነው።

መቀየር የሚሻለው በቅናሽ ገዝታችሁ ዋጋው ተመልሶ ሲወጣ ነው። ያኔ ቅያሪው የድሮውን ዋጋ ያስጠብቅላችኋል። ቅያሪ በማይቻልበት ሱቅም ቢሆን ቻት ላይ ገብታችሁ "አዲሱን ባዝዝ የዋጋውን ልዩነት ትመልሱልኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እሺ የሚሉበት ጊዜ ከምትገምቱት በላይ ነው። የተባለውን ግን በጽሑፍ ያዙት።

ሌላም ነገር አለ። ጠበበ ብላችሁ አንድ ቁጥር ከፍ ስታደርጉ ልብሱ በሁሉም በኩል ነው የሚሰፋው። ደረቱ ላይ ያለው ችግር ሲፈታ እጅጌው መዳፋችሁ ላይ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ የያዛችሁ፣ ችግሩ ሳይዙ ሳይሆን ቅርጹ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን መቀየር ሁለት ጊዜ መመለስ ነው።

ክሬዲት

ሱቆች ክሬዲት ይወዳሉ፤ ገንዘቡ ከቤታቸው አይወጣማ። ስለዚህ ያባብሏችኋል። "ክሬዲት ከመረጡ መመለሻው በነጻ ነው" ወይም "ትንሽ እንጨምርልዎታለን" ይላሉ። መጥፎ አይደለም። በተለይ የመመለሻው ሒሳብ ከልብሱ ዋጋ አንጻር ከባድ ከሆነ፣ ከዚያው ሱቅ የምትገዙት ነገር ቅርጫታችሁ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ከሆነ ውሰዱት።

ቅርጫታችሁ ባዶ ከሆነ ግን ተዉት። ክሬዲት ቀን አለው። አንዳንዱ በአንድ ግዢ ካላለቀ ቀሪው ይቃጠላል። አንዳንዱ በቅናሽ ዕቃ ላይ አይሠራም። በክሬዲት የገዛችሁት ሁለተኛው ልብስም ካልሆናችሁ የሚመለስላችሁ ያው ክሬዲት ነው። ሱቁ ቢከስር ደግሞ ክሬዲት የያዘ ሰው አበዳሪ ሆኖ ወረፋ ይይዛል፤ የወረፋው መጨረሻ ላይ።

ጥፋቱ የሻጩ ሆኖ ክሬዲት ብቻ ከሰጣችሁ ወዲያው "እሺ" አትበሉ። በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ በ14 ቀን ውስጥ ለመለሰ ሰው ገንዘቡ መመለስ ያለበት በከፈለበት መንገድ ነው። ክሬዲት የሚሆነው ገዢው ራሱ ሲስማማ ብቻ ነው።

"ልብሱ እናንተው ጋ ይቅር"

ይህኛው ሩቅ አገር ካለ ሻጭ ስትገዙ የሚመጣ ነው። ቀሚሱ የተሳሳተ ይመጣል፣ ትጽፋላችሁ፣ ሻጩ "መልሶ መላክ ውድ ነው፤ ልብሱ እናንተ ጋ ይቅርና ከዋጋው ትንሽ እንመልስላችሁ" ይላል። እውነቱን ነው፤ የመላኪያው ሒሳብ የልብሱን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ግን የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ሻጩም ያንን ያውቃል። ልብሱ ጨርሶ የማይለበስ ከሆነ ትንሽ ተቀብሎ ዝም ማለት ሌላውን ለሻጩ መመረቅ ነው። በልብስ ሰፊ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የልብስ ሰፊውን ሒሳብ ጠይቁ።

በዚህ ድርድር ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ሳይገባ አቤቱታውን አትዝጉ። "መጀመሪያ ዝጊልንና እንልካለን"፣ "ዝጋልንና እንልካለን" የሚል ሻጭ አለ። በኦንላይን መክፈያው በፔይፓል ለምሳሌ አንዴ የተዘጋ አቤቱታ ተመልሶ አይከፈትም። እዚያው አቤቱታ ለመክፈት ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ ከሻጩ ጋር ካልተስማማችሁ ደግሞ አቤቱታውን በከፈታችሁ በ20 ቀን ውስጥ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ካላሳደጋችሁት በራሱ ይዘጋል። ሻጩ "ትንሽ ታገሡ" እያለ ቀን የሚቆጥረው ለዚህ ነው። በባንክ ካርድ የከፈላችሁም ሻጩ ጨርሶ እምቢ ካለ ባንኩን ክፍያው እንዲቀለበስ መጠየቅ ትችላላችሁ። እሱም ቀነ ገደብ አለው፤ ማስረጃ ይዛችሁ ቶሎ ሂዱ።

ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄደው የቱ ነው?

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ እኔ ግን በጣም የምወደው እሱን ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ልብሱን ገልብጡት። ስፌቱን ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ዳብሱ። ከስፌቱ ወዲህ የተረፈ ጨርቅ በጣት ስፋት ካለ ጥሩ ልብስ ሰፊ ሊለቅላችሁ ይችላል። ጨርቁ ስፌቱ ሥር ተቆርጦ ካለቀ፣ አብዛኛው ርካሽ ልብስ እንዲህ ነው፣ የሚለቀቅ ነገር የለም።

ማሳጠር፣ ጎኑን ማጥበብ፣ ወገብ መቀነስ ቀላል ነው። ከትከሻ ተጠንቀቁ። የኮት ትከሻ ሰፋ ወይም ጠበበ ማለት እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መሥራት ነውና ወጪው ሌላ ኮት ይገዛል። የሱሪ መቀመጫ አጥሮ ከሆነም እርሱት። ጂንስ ሲለበስ ትንሽ ይለቃል፤ ፖሊስተር አይለቅም። ጥጥ የመጀመሪያ እጥበት ላይ ሊሰበሰብ ስለሚችል "ትንሽ ሰፋ" ያላችሁት ካጠባችሁት በኋላ ሊጠብባችሁ ይችላል።

መቀስ የነካው ልብስ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ዘንድ የምትሄዱት የመመለሻው ቀን ሳያልፍ፣ መጀመሪያ ለማስየት ብቻ ይሁን።

በየት በኩል ይላክ?

የሱቁ መደብር ቅርባችሁ ካለ በአካል መመለስን የሚያህል የለም። ሠራተኛው ዓይናችሁ እያየ ይመረምረዋል፣ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፦ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ሌላ ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ከሆነ መደብሩ አይቀበልም።

ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስድ መልእክተኛ ምቹ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ በር ሲጠብቁ መዋል አለ፣ ጥድፊያ ላይ ያለ መልእክተኛም ሳይስካን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ማስረከቢያ ቦታ ድረስ ወስዶ መስጠት እግር ያደክማል እንጂ እኔ የማምነው እሱን ነው። እዚያ ቆሜ ስካነሩ "ጢጥ" ሲል እሰማለሁ፣ ደረሰኙን ፎቶ አነሳለሁ። ፓኬቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ያቺ ደረሰኝ ናት የምትናገርልኝ። በራሳችሁ ወጪ በፖስታ ከላካችሁ ደግሞ ርካሹን ሳይሆን የመከታተያ ቁጥር ያለውን ምረጡ።

ሁለት ትእዛዝ በአንድ ካርቶን አትላኩ። መጋዘን ውስጥ ያለው ሰው አንዱን ስቲከር ስካን አድርጎ አንዱን ይመዘግባል፤ ሌላው ባለቤት አልባ ይሆናል። ጫማ ከሆነ የጫማውን ሳጥን ሌላ ካርቶን ውስጥ ክተቱት። ሳጥኑ ላይ በቀጥታ ፕላስተርና ስቲከር ከለጠፋችሁ "ሳጥኑ ተበላሽቷል" ተብሎ ሒሳብ ይቀነሳል።

ገና ስትለኩት

ይህ ሁሉ ምርጫ ያለው ልብሱ እንደ አዲስ እስካለ ድረስ ነው። ታጉን አትቁረጡ። ሽቶ ተቀብታችሁ፣ ሜካፕ ላይ ሆናችሁ አትለኩ፤ ነጭ ሸሚዝ አንገት ላይ የቀረች ትንሽ የቡና ቀለም ያላት መስመር ሁሉን ነገር ትጨርሳለች። ጫማ ምንጣፍ ላይ ብቻ ይለካ። የዋና ልብስ ላይ ያለችውን ተለጣፊ ላስቲክ አታንሷት፤ ብዙ ሱቅ እሷ ከተነሣች አይቀበልም።

መለካት ግን መብት ነው፤ መፍራት አያስፈልግም። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አንድ አስቂኝ የሚመስል ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው በኦንላይን ፍራሽ ገዝቶ ላስቲኩን ቀዶ መለሰው፤ ሻጩ "ንጽሕናው ተነካ" ብሎ እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ፍራሹን ከልብስ ጋር አነጻጸረው። ልብስም ሲለካ ገላ ይነካል፣ ግን ጸድቶ እንደገና ሊሸጥ ይችላል አለ። ፍራሹ ይመለስ ተባለ። ስለዚህ መለካት ሌላ፣ ለብሶ ሠርግ ሄዶ ማምጣት ሌላ ነው። ሁለተኛውን ያደረገ ሰው ታጉን በመርፌ መልሶ ቢሰፋውም መጋዘኑ ውስጥ የሚያሸትተው ሰው አለ።

ሁለት ሳይዝ አዝዞ አንዱን መመለስስ? እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሳይዛቸውን ለማላውቀው ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ። ሱቆቹ ግን ይቆጥራሉ። የብሪታንያው የኦንላይን ልብስ ሻጭ ኤሶስ በ2019 እ.ኤ.አ. የመመለሻውን ጊዜ ወደ 45 ቀን ሲያራዝም፣ ያልተለመደ የመመለስ ልማድ ያለውን አካውንት ሊዘጋ እንደሚችልም አብሮ አሳውቋል። የልብስ ሱቁ ዛራም በ2022 እ.ኤ.አ. በተወሰኑ አገሮች በፖስታ ለሚመለስ ዕቃ ማስከፈል ጀመረ። ነጻ መመለስ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት በደንብ የሚሆናችሁን አንድ ልብስ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ በሜትር ለኩ፣ ከዚያ ከሱቁ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት። ገላን ከመለካት ይልቅ ልብስን መለካት ይቀላል፣ አይዋሽምም።

ወደ ሱሪዬ ልመለስ። ገልብጬ አየሁት፤ ስፌቱ ሥር የተረፈ ጨርቅ የለም፣ ስለዚህ ልብስ ሰፊ አያድነውም። ትልቁ ሳይዝ አለ፤ ግን ቀለሙ ያው ግራጫ ነው፣ መቀየሩም ትርጉም የለውም። ክሬዲት ቢሰጡኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ቅርጫቴ ውስጥ የለም። መስኮት አጠገብ ወስጄ ፎቶ አነሳሁት፣ "ከመግለጫው ይለያል" የሚለውን መረጥኩ፣ ገንዘብ ጠየቅሁ። አጣጥፌ በመጣበት ላስቲክ መልሼ ካርቶኑን በፕላስተር ጠቀለልኩት።

የመመለሻ ወረቀቱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አሁን መቀስ እየፈለግሁ ነው።